ለአባቴ የትኛውን ስፒከር ልግዛለት?

«ሰላም ለእርስዎ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፈው ሙዚቃ በመስማት ነበር፤ በጾም በገና፣ ሌላ ጊዜ የድሮ ዘፈን። ድሮ የገዛቸው ሁለት ትላልቅ ስፒከሮች ግን መንጫጫት ጀምረዋል፣ ፊታቸው ላይ ያለው ስፖንጅም ተበጣጥሷል። አምፕሊፋየሩ ደህና ነው፤ ለእያንዳንዱ ስፒከር 40 ዋት ይላል። ሳሎናችን 4 በ5 ሜትር ነው። ለፋሲካ ወለል ላይ የሚቆም ረጅም ስፒከር ልገዛለት 60 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። መርካቶ አንድ ነጋዴ መብራት ያለው፣ ብሉቱዝና ፍላሽ የሚቀበል ባለ 3 ሺህ ዋት አሳየኝ። ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ትልቅ ስፒከር አይቻለሁ። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ለበዓሉ ሲመጣ ሶኒ ኤስኤስ-ሲኤስ3 የሚባለውን ላምጣ፣ አምፕሊፋየርም ልጨምርበት ይላል። የቱ ይሻለኛል? ከታች ያሉት ጎረቤታችንም እንዳይቆጡን እሰጋለሁ። የልደታዋ ልጅ።»

ሰላም እህቴ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። ከሦስቱ የአክስትሽ ልጅ ያለው ይሻልሻል፤ አምፕሊፋየሩን ግን ይተወው። የመርካቶውን እርሺው። የቴሌግራሙን በአካል ሄደሽ ሳትፈትሺ ቀብድ እንዳትከፍዪ። የአባትሽን አሮጌ ስፒከሮች ደግሞ እስካሁን ካልጣላችኋቸው እንዳትጥሏቸው፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

በባለ 3 ሺህ ዋቱ እንጀምር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። 3 ሺህ ዋት እኮ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚበላውን ያህል ኃይል ነው። ምጣድ ስትሰኪ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ፤ ገመዱ ይሞቃል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ ሶኬቱ ደካማ ከሆነ ይቀልጣል። ያ ስፒከር ግን የሚሠራው በቀጭን ገመድ ነው። ነጋዴውን «እስኪ አዙረው» በይውና ጀርባውን አንብቢ። 220 ቮልት ከሚለው አጠገብ ብዙ ጊዜ ከግድግዳ የሚስበው ዋት ይጻፋል። እዚያ 100 ዋት የሚል ካገኘሽ ነገሩ አለቀ፤ 100 ዋት የሚስብ ዕቃ 3 ሺህ ዋት እያወጣ ሊዘልቅ አይችልም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ፒኤምፒኦ የሚሉት ነው፣ ለቅጽበት ይገኛል ተብሎ የሚጻፍና ሁሉም አምራች እንደፈለገው የሚያሰላው። ለአንቺ የሚረባሽ አርኤምኤስ የሚለው ነው፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል። እሱ ያልተጻፈበትን ዕቃ አትግዢ። መብራቱም ብሉቱዙም ለልደት ድግስ አሪፍ ነው፤ ለአባትሽ በገና ግን ምንም አይጨምርም።

ደግሞ ዋት ብቻውን ስለ ድምፅ ብዙ አይናገርም። አንቺ ማየት ያለብሽ ሴንሲቲቪቲ የሚለውን ነው፤ የድምፅ ጩኸት በሚለካበት በዴሲቤል ይጻፋል። ስፒከሩ 1 ዋት ሲደርሰው፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል እንደሚጮህ ይነግርሻል። ርካሽ ስፒከር ስንመርጥ ይሄ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የ3 ዴሲቤል ልዩነት የኃይል እጥፍ ማለት ነው። የአባትሽ 40 ዋት አምፕሊፋየር 88 ዴሲቤል ስፒከር ላይ የሚያወጣውን ድምፅ፣ 85 ዴሲቤል ስፒከር ላይ ለማግኘት 80 ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ያለ ስፒከር ስትመርጪ አዲስ አምፕሊፋየር ከመግዛት ትድኛለሽ። ከ87 በታች ከሆነ ለእናንተ ቤት እኔ አልመርጠውም።

40 ዋት አያንስም ወይ ትይኝ ይሆናል። አያንስም። የሶኒው 88 ዴሲቤል ነው። ሁለቱም አንድ አንድ ዋት ብቻ ቢደርሳቸው፣ አባትሽ 3 ሜትር ርቀው ሶፋ ላይ ቢቀመጡ፣ ጆሯቸው ጋ የሚደርሰው ድምፅ 80 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ሰው ተቀምጦ ሲያወራ 60 አካባቢ ነው። ጆሯችን በየ10 ዴሲቤሉ ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ስለሚሰማው፣ አንድ ዋት ብቻ ከወሬ አራት እጥፍ ይጮሃል ማለት ነው። የቀረው 39 ዋት ለከበሮ ምት፣ ዘፋኙ ድንገት ድምፁን ለሚያነሳባት ቅጽበት ነው።

አሁን ወደ አክስትሽ ልጅ ልምጣ። ኤስኤስ-ሲኤስ3 ረጅም ሆኖ ቀጭን ነው፣ ወለል ላይ ነው የሚቆመው። ከፊቱ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡ 13 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ዉፈሮች፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ትዊተርና ከዚያም የቀጠነውን የሚያወጣ አንድ ትንሽ ሱፐር ትዊተር አለው፤ 6 ኦም ነው፣ ኦም ማለት ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት ልክ ነው። የድምፅ ቅጥነት በሚለካበት በኸርዝ እስከ 50 ሺህ ይደርሳል ብለው ይጽፉበታል። ለዚህ ቁጥር ግድ አይስጥሽ፤ የወጣት ጆሮ እንኳ ከ20 ሺህ በላይ አይሰማም፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ከዚያም በጣም ይወርዳል። የምወድለት ሌላ ነገር ነው። ትዊተሩ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ አካባቢ ላይ ይገኛል፣ ማስቀመጫ መግዛት አይጠበቅብሽም፣ የሰውን ድምፅ ንጹህ አድርጎ ያወጣዋል። ቤዙ መስኮት አያንቀጠቅጥም። 13 ሴንቲ ዉፈር ላይ ተዓምር አትጠብቂ። ግን 4 በ5 ሳሎን ውስጥ፣ ከታች ሰው በሚኖርበት ፎቅ ላይ፣ ከዚያ በላይ ቤዝ ምን ሊረባሽ ነው? ለቤዝ ብቻ የሚሆን ሳብዉፈር ልጨምር ወይ ብለሽ እንዳታስቢም።

እሱን ካጣ ፖልክ ቲ50 የሚባል አለ፤ እሱም ጥሩ ነው። ከፊቱ ሦስት እኩል ትላልቅ ክቦች ታያለሽ፣ ከነሱ ገመድ የተያያዘለት ግን አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ አየር እየገፋቸው ብቻ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ማታለል አይደለም፣ የታወቀ አሠራር ነው። የክቡን ብዛት ቆጥረሽ «ይሄኛው ይበልጣል» እንዳትዪ ብዬ ነው።

አምፕሊፋየሩን ይተወው ያልኩሽ በመብራቱ ምክንያት ነው። የአሜሪካ ሶኬት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ለዚያ አገር ገበያ ብቻ የተሠራ አምፕሊፋየር እዚህ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ በትራንስፎርመር ለማሠራት ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ስፒከሩ ራሱ ግን እንደነዚህ ያለው መብራት የማይሰካ ዓይነት ከሆነ የቮልት ጣጣ የለውም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከአምፕሊፋየሩ ብቻ ነው። ልጁ ከመግዛቱ በፊት የካርቶኑን ርዝመትና ክብደት ለአየር መንገዱ ነግሮ ይጠይቅ፣ ደረሰኙንም ይያዝ። ቦሌ ላይ ቀረጥ ሊጠየቅ ስለሚችል ለዚያም ከብርሽ ትንሽ አስቀሪ።

የአባትሽን አምፕሊፋየር ጀርባም እዪ። ስፒከር የሚታሰርበት ቦታ አጠገብ «4–16 ኦም» ወይም «6–16 ኦም» ካለ ሶኒውን ያለ ሐሳብ ይችለዋል። ከ8 ጀምሮ የሚል ከሆነም በመጠነኛ ድምፅ ይሠራል፤ ብቻ ለረጅም ሰዓት አትግፉት፣ ክዳኑን እየነካሽ ሙቀቱን እዪ። አንድ ነገር አደራ፦ ድምፁ መሻከር ሲጀምር ወዲያው ቀንሱ። አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የተቆራረጠ ድምፅ ነው የሚልከው፣ ያ ደግሞ መጀመሪያ የሚያቃጥለው ትዊተሩን ነው። መብራት ሲጠፋም ማጥፊያውን አጥፉት። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ እስኪረጋጋ ጥቂት መታገስ ብዙ ዕቃ ያድናል።

የቴሌግራሙን መተው ካላስቻለሽ፣ ሄደሽ እንዲህ ፈትሺው። መሸፈኛውን አስወልቂ። የዉፈሩን ዙሪያ ቀለበት በጣትሽ ንኪ፤ ስፖንጅ ሆኖ የሚፈረፈር ከሆነ ወይ ዋጋው በጣም ይቀንስ ወይ ተዪው። ጎማ ከሆነ ብዙ ዓመት ይኖራል። ቀጥሎ ዉፈሩን ግራና ቀኝ በሁለት ጣት እኩል ይዘሽ በጣም ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ግፊው። ለስላሳ ሆኖ መመለስ አለበት፤ የአሸዋ ዓይነት ፍግፍግ ከሰማሽ ከኋላው ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ኮይሉ፣ እየነካ ነው። መልቲሜትር ያለው ሰው ካገኘሽ ገመዱ የሚገባበት ቦታ ላይ ይለካልሽ፦ 8 ኦም የተባለ ስፒከር ከ5.5 እስከ 7 ያሳያል፣ 4 ኦም የተባለው ከ3 እስከ 4። ምንም ካላሳየ የሆነ ቦታ ተበጥሷል። ይሄ ልኬት ግን ስለ ትዊተሩ ምንም አይነግርሽም፣ መንገዱ ላይ የመልቲሜትሩን ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ኮንደንሰር የሚባል ዕቃ ስላለ። ትዊተሩን በጆሮሽ ነው የምታውቂው፤ ሙዚቃ በትንሹ ተከፍቶ ጆሮሽን አስጠጊ፣ ከሁለቱም እኩል የሚያፏጭ ጥርት ያለ ድምፅ መውጣት አለበት። ሻጩ «ሰፈር መብራት የለም፣ ውሰጂና ቤትሽ ሞክሪው» ካለሽ መብራት ሲመጣ እመለሳለሁ በይው።

የትኛውንም ስትፈትሺ የነጋዴውን ፍላሽ አትስሚ። እነሱ የሚከፍቱት ቤዙ የሚደልቅ ዘፈን ነው፣ እሱ ላይ ሁሉም ስፒከር አሪፍ ይመስላል። አንቺ በገና ይዘሽ ሂጂ። የምሬን ነው፤ ከበገና የተሻለ መፈተሻ አላውቅም። አሥር አውታር ያለው፣ ድምፁ ወፍራም የሆነ መሣሪያ ነው፤ ግን በየአውታሩ ሥር እንዚራ የምትባለዋ ትንሽ ቆዳ ስላለች፣ ከወፍራሙ ድምፅ ጋር ያ ንዝረት፣ ያ እንደ ንብ የሚል ነገር አብሮ ይወጣል። ወፍራሙን ዉፈሩ ያወጣዋል፣ ንዝረቱ ደግሞ እስከ ትዊተሩ ይደርሳል። ስፒከሩ ጥሩ ከሆነ ሁለቱ ከአንድ መሣሪያ፣ ከአንድ ቦታ ሲወጡ ትሰሚያለሽ፣ እያንዳንዱ አውታር ሲነካም ለየብቻው ይታወቅሻል። መጥፎ ከሆነ ከታች ቡምቡም፣ ከላይ ዝዝዝ ብቻ ይሆናል፣ መሐሉ ባዶ። ቀጥሎ የወንድ ድምፅ ስሚ፣ የዜና አንባቢም ይሁን። በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ከመሰለሽ ሳጥኑ ራሱ እየጮኸ ነው፤ ጎኑን በጣትሽ አንጓ አንኳኪው፣ ጠንካራው ሳጥን «ደፍ» ብሎ ዝም ይላል፣ ቀጭኑ ይጮሃል። በመጨረሻ ከሁለቱ መሐል ቁሚ። የዘፋኙ ድምፅ ከመሐል መምጣት አለበት። ተበታትኖ ቤዙም የጠፋ ከመሰለሽ የአንዱ ገመድ ቀይና ጥቁሩ ተገላብጦ ነው፤ ያንን አስተካክለው ደግመው ያሰሙሽ።

አሁን ቤታችሁ። እዚህ ላይ ሰው ችላ ይላል እንጂ፣ የምትሰሚው ድምፅ ግማሹ የክፍሉ ነው። ሳሎናችሁ ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ከሆነ ክፍሉ መሐል ቁሚና አንድ ጊዜ አጨብጭቢ። «ጭርርር» የሚል ጭራ ከተከተለ፣ ምንም ያህል ውድ ስፒከር ብትገዢ ይንጫጫል። ወፍራም ምንጣፍ ከሶፋው ፊት፣ ወፍራም መጋረጃ በመስኮቱ፤ ይሄ ከማንኛውም ውድ ገመድ በላይ ለውጥ ያመጣል። ስለ ገመድ ካነሳሁ ከመብራት ዕቃ ሱቅ የሚገዛው 1.5 ካሬ ንጹህ መዳብ ለእናንተ ርቀት ከበቂ በላይ ነው።

ስፒከሮቹን ደግሞ ቡፌው ግራና ቀኝ ጥግ ውስጥ እንዳትሸጉጧቸው። የኛ ሰው ሳሎን ዕቃን ሁሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይወዳል፣ ስፒከር ግን ጥግ ሲገባ ቤዙ ያብጥና ሌላውን ድምፅ ይውጠዋል። ከኋላው ቀዳዳ ያለው ዓይነት ከሆነ ይብስበታል። ከግድግዳው 40 ወይም 50 ሴንቲ አውጡትና ስሙ፣ ከዚያ 10 10 ሴንቲ እያንቀሳቀሳችሁ ሞክሩ። በሁለቱ መሐል ያለው ርቀት አባትሽ ከሚቀመጡበት እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ካለው ርቀት ጋር ቢቀራረብ ጥሩ ነው፤ ፊታቸውን ትንሽ ወደ እሳቸው አዙሪው። 4 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ፣ 5 ሜትሩ ደግሞ 34 ኸርዝ አካባቢ የራሱን ጉምጉምታ ይጨምራል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ገመድ 41 ኸርዝ ነው፣ ስለዚህ አንዳንድ ዘፈን ላይ አንዷ ኖታ ብቻ ለይታ ስትጮህ ከሰማሽ ስፒከሩ ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ። የአባትሽን ወንበር ከኋላው ግድግዳ ትንሽ ሳቢው፣ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል።

ሳሎናችሁ 3 በ3 ቢሆን ኖሮ ረጅሙን ትተሽ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ስፒከር ግዢ እልሽ ነበር። በአንድ ዋጋ ትንሹ የተሻለ ዕቃ ይሆናል፣ ብሩ እንጨት ላይ ስለማያልቅ። የእናንተ ግን ረጅሙን ይችላል።

ጎረቤታችሁን በተመለከተ፣ ወደ ታች የሚወርደው ቤዝ ነው፤ በአየርም በወለሉም ይሄዳል። ከስፒከሩ ጋር ከሥር የሚገባ ሾጣጣ ብረት ከመጣ ሴራሚክ ላይ አትጠቀሙበት፣ ከሥሩ ወፍራም ጎማ አድርጉ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ድምፁን አባትሽ በሚወዱት ልክ ከፍተሽ ታች ውረጂ፣ ቡና ጠጥታችሁ አብራችሁ ስሙት። ምን ያህል እንደሚሰማ በጆሮሽ ታውቂዋለሽ፣ የት ላይ መቆም እንዳለበትም ከእሳቸው ጋር ትስማማላችሁ፤ ማዞሪያው ላይ ምልክት አድርጊበት። ሰው ቀድመሽ ስትጠይቂው አይቆጣም።

አሁን ወደ አሮጌዎቹ። የተበጣጠሰው ስፖንጅ የዉፈሩ ዙሪያ ቀለበት ነው። ጥራት ጎድሎት አይደለም፣ እንዲህ ያለ ስፖንጅ ከአሥርና ሃያ ዓመት በኋላ በራሱ ይፈርሳል። ቀለበቱ በልኩ ይቀየራል፤ ስፒከር የሚጠግን ባለሙያ ዉፈሩን ፈትቶ፣ አሮጌውን ልጦ አዲስ ይለጥፍበታል። ኮይሉ ካልተቃጠለ ስፒከሩ ወደ ቀድሞ ድምፁ ይመለሳል፣ ወጪውም ከአዲስ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ደግሞም አባትሽ ሲሰሙት የኖሩት ድምፅ የነዚያ ስፒከሮች ድምፅ ነው፤ እሱን መልሰሽ ብትሰጫቸው ትንሽ ስጦታ አይደለም። እስኪጠገኑ ግን አትክፈቷቸው፤ ቀለበት የሌለው ዉፈር መሐሉን ይስትና ኮይሉን ይፍቀዋል።

ስለዚህ ለአክስትሽ ልጅ ከመደወልሽ በፊት ዉፈሮቹን ለጠጋኝ አሳዪ። «ኮይሉ ደህና ነው፣ ቀለበት ብቻ ነው» ካለሽ አሠሪያቸው፤ ከ60 ሺህ ብሩ ላይ ለምንጣፍና ለመጋረጃ አውጪ፣ የተረፈውን አስቀምጪ። «ተቃጥሏል» ካለሽ ልጁ ሶኒውን ይግዛ። የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ግን ዛሬውኑ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ፤ ልጁም ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ኦሙን ነው።